ፀሐይን ለቀበሌያችን ቃል የገባሁበት ሐምሌ

ምላሴ ከእኔ ቀድሞ የተወለደ ሳይሆን አይቀርም፤ ዕድሜ ልኬን ስከተለው ኖሬያለሁ። በደርግ ጊዜ ፒያሳ አካባቢ ፊዚክስ አስተምር ነበር። እሑድ እሑድ በቀበሌ ስብሰባ ሂስና ግለሂስ ይደረጋል፤ ተራው የደረሰ ተነሥቶ ራሱን ይወቅሳል። ብልጥ ሰው ወቀሳ የሚመስል ሙገሳ ይዞ ነው የሚመጣው። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ፣ «ዕውቀቴን ለሰፊው ሕዝብ ባለማዋሌ ራሴን እወቅሳለሁ» አልኩ። እዚያው ላይ ብቀመጥ ምን ነበረበት! «የፀሐይን ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያደርግ መሣሪያ አለ፤ ቀበሌያችንን በሙሉ ያበራል» ብዬ ጨመርኩ። በሐምሌ ዝናብ! ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

ሊቀመንበሩ ግን ብዕሩን አነሣ። «ጓድ መምህር፣ ምን ያህል ቦታ ይፈልጋል?»

ያስቃል ብዬ በመስኮቱ ጠቆምኩ። «ከዚህ አጥር እስከ ታችኛው መንገድ ያለውን ሁሉ።»

ማንም አልሳቀም። ጸሐፊው ጻፈው።

ከአጥሩ እስከ መንገዱ ያሉት አራት የቀበሌ ቤቶች ናቸው። በአንዱ፣ ስታመም አጥሚት የሚያጠጡኝ ባልቴት ጎረቤቴ ይኖራሉ። በሳምንቱ፣ ቦታው ለፀሐይ ተፈልጓልና ይልቀቁ ተባሉ።

ሊቀመንበሩ ዘንድ ሮጥኩ። «ጓድ፣ መሣሪያው አገር ውስጥ የለም። ቢመጣም ማታ አይሠራም፤ የቀኑን ለማታ የሚያቆየው ባትሪ ብቻውን አዳራሽ ይሞላል። ክረምቱንስ ይዩት!» ከዝናቡ የተነሣ የቸርችል ጎዳና ቁልቁለት አይታይም ነበር።

«እሑድ ዕለት ለምን አልተናገርክም?»

«እየተጨበጨበልኝ ነበር።»

«ውሳኔው ወደ በላይ አካል አልፏል። ከእንግዲህ አይሆንም የሚል አሻጥረኛ ነው። አሻጥረኛ ነህ?»

አይደለሁም አልኩ። በተከታዩ እሑድ፣ ስለ ፀሐይ በመቀባጠሬ ራሴን ልውቀስ ብዬ እጄን ባወጣ፣ «ተራህ አይደለም፤ ባለፈው ተወቅሰሃል» ብለው አስቀመጡኝ። በአገሩ ሁሉ ራሱን መስደብ የተከለከለ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ቤቶቹ ፈረሱ። መሣሪያው አልመጣም፤ ቦታው ለዓመታት ሣር አበቀለ።

ቤቶቹ ሳይፈርሱ፣ ባልቴቲቱ ዕቃቸውን ያወጡ ዕለት ልረዳቸው ሄድኩ። የተሰጣቸው ከአምስት ኪሎ ወዲያ፣ መስኮት የሌላት አንዲት ክፍል ነበረች። ፍራሹን ተሸክሜ የአሮጌው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆምኩ።

«እማማ፣ ያስወጣዎት የእኔ ምላስ ነው።»

«ሰምቻለሁ» አሉ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ። «እባክህ አንተ ልጅ፣ እዚያ አዲሱ ቀበሌዬ ስብሰባ ሲኖር እንዳትመጣ።»

እርሳቸው ቀደሙ፣ እኔ ከነፍራሹ ተከተልኩ።