ባሌስትራ ያስቀነስኩበት ክረምት

ሚስቴ ለሁለተኛ ጊዜ ስታረግዝ ደሎ መና ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነበረች። እኔ የምሠራው ሮቤ፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። በመካከላችን የሳነቴ ተራራ አለ። የመጀመሪያውን ፅንስ ያጣነው ከደሎ መና በአውቶቡስ ተሳፍራ ጎባ እናቷ ቤት በገባች ማግስት ነበር። ሐኪሙ «የመንገዱ ጉዳይ አይደለም» ብሎናል። እሷ ሥራዋ ነውና አመነችው። እኔ ግን ያንን ጠጠር መንገድ እንደ ሰው ቂም ያዝኩበት።

ስለዚህ ያለኝን ሁሉ አሟጥጬ አሮጌ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ገዛሁ። ሻጩ ከዲንሾ ድንችና ገብስ የሚያመላልስ ነጋዴ ነበር። ጉዱ የታወቀኝ ገና ከእሱ ተቀብዬ ወደ ሮቤ ስመለስ ነው። መኪናዋ ትንሽ ጉድጓድ ስትነካ ከኋላ ትራገጣለች። አንዴማ አናቴ ጣሪያውን መታ። ባለቤቴ ስምንተኛ ወሯን ስትጨርስ ፈቃድ ወስዳ ጎባ ልትወልድ ተስማምተናል። በዚህች መኪና ሳነቴን እንድትሻገር አልፈለግኩም፤ ሳላድር ወደ ጎባ ነዳሁ።

የሚስቴ የአጎት ልጅ ጎባ መውጫ ላይ ትንሽ ጋራዥ አለው። መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ ከሥር ገባና ሸክም የሚይዙትን ተደራራቢ ብረቶች፣ ባሌስትራውን፣ አንድ በአንድ መታ መታ አደረገ።

«ማን ነው የሸጠልህ?» አለኝ ከሥር ሆኖ።

«ነጋዴ።»

«ያስታውቃል! ከከባድ መኪና ባሌስትራ ብረት አውጥቶ በዚችኛዋ ላይ ደርቦባታል። ድንጋይ ብትጭናት ግድ የላትም። ሰው ነው የማትወደው። አሞርዛተሮቹም ዘይታቸውን አፍስሰው ጨርሰዋል።»

«ሁሉንም ቀይርልኝ።»

«አቅምህን አውቀው የለ?» ብሎ ሳቀ።

ከኋላ ብቻ አዲስ ንዝረት ማብረጃ አሞርዛተር ልንገዛ፣ የፊቶቹን ካገለገሉ ዕቃዎች ልንፈልግ ወሰንን። በባሌስትራው ጫፎች የሚገቡትን ያለቁ ትናንሽ ጎማዎች ከአሮጌ የከባድ መኪና ጎማ ቆርጦ ሠራልኝ። የተደረበውን ብረት ግን አላወጣም አለ። «ነገ ዕቃ ስትጭንባት ቂጧ መሬት ይነካል፣ ከዚያ እኔን ትሰድባለህ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ከሥራ ስወጣ ሮቤ ላይ ሻይ እንኳ ሳልጠጣ ወደ ጎባ እነዳለሁ። ጎባን አልፌ ጠጠሩ ላይ እወጣና ጉም ሲይዘኝ እመለሳለሁ። ከኋላ ወንበር ላይ ውሃ የሞላ ጆግ አሥሬ ምን ያህል እንደፈሰሰ አያለሁ። የጎማውን ንፋስ ቀንሼ እሞክራለሁ፤ እንደገና አስሞላለሁ። ወንበሩ ሁልጊዜ እርጥብ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ «ውሃ ማመላለስ ጀመርክ እንዴ?» እያሉ ይቀልዱብኛል።

አንድ ምሽት ሚስቴ ደወለች። «ጆጉ እንዴት ዋለ?»

«ግማሹ ፈሰሰ።»

«ስማኝ እስኪ። አንተ የምትሞክራት ባዶዋን ነው። እኔ እዚህ ቡና ጭነው በሚወጡ መኪኖች ስንት ጊዜ ሄጃለሁ። ጭነት ሲኖራቸው ይረጋሉ። ትርፉን ብረት አስወጣውና ከኋላ ትንሽ ነገር ጫንባት።»

«የአጎትሽ ልጅ እምቢ አለ እኮ።»

«እሱን ለእኔ ተወው።»

ምን እንዳለችው አላውቅም። በማግስቱ ስደርስ ብሎኖቹን መፍታት ጀምሮ ነበር። የተደረበውን ብረት አወጣ፣ የቀሩትን ከዝገት አጽድቶ በግሪስ አሽቶ መለሳቸው። የአሸዋ ከረጢቶች ከኋላ ዕቃ መጫኛው፣ ካሶኒው ላይ፣ አስተኝተን አሠርን። ያን ቀን ወደ ሳነቴ ወጥቼ ስመለስ ከጆጉ የፈሰሰው ጥቂት ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ሌላ የሚሰበር ነገር ይኖር ይሆን እያልኩ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ስነካካ አመሸሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ላመጣት ወረድኩ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ሻንጣሽ የታለ?»

«ሻንጣውን ተወው። ነዳጅ አለህ?»

ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ያለች ሴት ነበረች። ልጁ ተጋድሞባታል፤ ቀዶ ጥገና የሚሠራላት ጎባ ብቻ ነው። አምቡላንሷ ደግሞ ሌላ እናት ይዛ ወጥታ አልተመለሰችም።

«አንቺ ግን በዚህ ሁኔታሽ…» ብዬ ጀመርኩ።

«እኔ ደህና ነኝ። እሷ ናት ደህና ያልሆነችው። የኋላውን በር ክፈት።»

እውነቱን ለመናገር እምቢ ማለት ፈልጌ ነበር። ያቺን መኪና ያለሰለስኳት ለአንድ ሰው ነበር። ግን በሩን ከፈትኩ። ሴትየዋን ኋላ ወንበር ላይ አስተኛናት፤ ሚስቴ እግሯ ሥር ተጠጋግታ ተቀመጠች። የሴትየዋ አማት፣ መቁጠሪያ የያዙ አሮጊት፣ ከፊት አጠገቤ ገቡ።

ሐረና ጫካ ውስጥ ዝናብ ጀመረ። ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር አሮጊቷ ክንዴን ይዘው «ሱታ! ሱታ!» ይላሉ፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። ከኋላ ሚስቴ «ፍጠን» ትላለች። አንዷ ቀስ በል፣ አንዷ ፍጠን። በመስታወቱ የሚታየኝ የሚስቴ ፊት ብቻ ነበር። መኪናዋ በተነቃነቀች ቁጥር ያመማት እሷን ይሁን ያቺን ሴት ለማወቅ እየሞከርኩ ሪራን አለፍን።

ሳነቴ ላይ ስንወጣ ጉሙ ዋጠን። ሴትየዋ ድምፅዋን አጠፋች።

«አቁም» አለች ሚስቴ። «ሞተሩንም አጥፋው።»

አጠፋሁ። ነፋሱ መኪናዋን ይገፋታል። ሚስቴ ከራሷ ሆድ ጋር እየታገለች ጎንበስ አለችና የፅንስ ማዳመጫዋን የሴትየዋ ሆድ ላይ አድርጋ ጆሮዋን ደገፈችበት። ቦታ ቀየረች። እንደገና ቀየረች። አሮጊቷ መቁጠሪያቸውን ጨብጠው «ያ ረቢ» ይላሉ በሹክሹክታ። እኔ መተንፈስ ራሱ ድምፅ የሚያሰማ መስሎኝ አፌን ያዝኩ።

«አለ» አለች ሚስቴ ቀና ሳትል። «ይመታል። ሂድ፣ አሁን ሂድ!»

ጎባ ሆስፒታል ስንደርስ ሴትየዋን በአልጋ እየገፉ አስገቧት። እኔ ግቢው ውስጥ ከመኪናው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መኪናው ተመላለስኩ። ሚስቴ ጫማዋን አውልቃ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ እግሯ አባብጧል።

«አመመሽ?»

«ራበኝ» አለች። «ዳቦ ግዛልኝ።»

ዳቦውን ይዤ ስመለስ አሮጊቷ እያለቀሱ አቅፈዋት አገኘሁ። «አልሐምዱሊላህ፣ ሴት ናት፤ እናትዬዋም ደህና ናት» አሉኝ። ከዚያ እጃቸውን በሚስቴ ሆድ ላይ አድርገው በኦሮምኛ ረጅም ምርቃት መረቁ። ሚስቴ ዳቦውን እያኘከች አሜን ትላለች።

የእኛ ልጅ ከወር በኋላ እዚያው ጎባ ተወለደ፤ ወንድ ነው፣ ጤነኛ ነው። ያን ወር እንዴት እንዳለፈ አላውቅም፤ ሌሊት ስትገላበጥ እንኳ ተነሥቼ የመኪናዋን ቁልፍ እፈልግ ነበር። ፈቃዷ ሲያልቅ ልጁን ይዛ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ወደ ሮቤ እንድትዛወር የጠየቅነው እስካሁን አልተፈቀደልንም። እኔም ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ እንደተዘጋ ቤት አልገባም፤ ለልጁ የገዛሁትን ዕቃ ካሶኒው ላይ አሥሬ በቀጥታ ወደ ደሎ መና እወርዳለሁ።