በአፍ የሚወጣ ሐሞት

አባቴ የሐሞት ጠጠር እያሰቃያቸው፣ የሐኪም ካራ ፈርተው ሁለት ክረምት ሙሉ ከጃናሞራ ንቅንቅ አልልም ብለው ነበር። በስንት ልመና ደባርቅ ሆስፒታል ድረስ አመጣኋቸው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሐኪም ገና በሙከራ ላይ ያለ ዘዴ እንዳለ አስረዳቸው። ሆድ ሳይቀደድ ቀጭን ቱቦ በአፍ ይገባል፤ ጨጓራን በስቶ የሐሞት ከረጢቱን ይይዝና በገባበት ይዞት ይወጣል።

አባቴ ረጋ ብለው፣ «በጀ» አሉ። «ለመሆኑ ከእኔ በፊት በማን ሞከራችሁት?»

ሐኪሙ ፊቱ በርቶ፣ «በብዙ አሳማ ሞክረነው ተሳክቶልናል፣ አባባ» አላቸው።

አባቴ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«መሣሪያው እኮ አዲስ ነው፤ አሳማ አልነካውም!» ብል ማን ይስማኝ? አልጋው ላይ ወጡና ተንጋለሉ። ሸሚዛቸውን እስከ ደረታቸው ገልጠው፣

«በሉ፣ ካራውን አምጡት!»