የወለተሐና የእንግሊዝኛ ፈተና

ወለተሐና በጅግጅጋ ገበያ ልብስ ሰፊ ናት። አማርኛም ሶማሊኛም እንደ ልቧ ትናገራለች። የውጭ አገር ሰው ቀሚስ ሊያሰፋ ሲመጣ ግን በእጅ ምልክት ማውራት ሰለቻትና በአርባ ዘጠኝ ዓመቷ እንግሊዝኛ ልትማር ተመዘገበች።

አስተማሪዋ ሙና፣ አብራት የምትሠራው የጨርቅ ነጋዴዋ የኩልሱም ልጅ ናት። አንድ ቅዳሜ ሙና ሰሌዳው ላይ «ጎ ስሩ» ብላ ጻፈችና ዐረፍተ ነገር እንድትሠራበት ወለተሐናን አስነሳቻት።

«አይ ዌንት ስሩ አዲጋላ» አለች ወለተሐና፤ በአዲጋላ በኩል አልፌ ሄድኩ ማለቷ ነው።

«ጎበዝ፣ ኤዶ!» አለች ሙና፤ በሶማሊኛ አክስቴ ማለቷ ነው። «ግን በችግር ውስጥ ማለፍም እንዲሁ ይባላል። መከራ ሲደርስብሽ ‹ጎ ስሩ› ነው። መከራውን ተወጥተሽ ስታበቂ ደግሞ ‹ጌት ስሩ› ትያለሽ።»

ወለተሐና ‹ጌት ስሩ› የሚለውን ደብተሯ ላይ ጽፋ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። በ2010 ሐምሌ መጨረሻ ከተማው ሲረበሽ ሱቋ ከነስፌት መኪናው ተቃጥሎባት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተጠግታ ነበር። በአምስተኛው ቀን ኩልሱም ፈልጋ አገኘቻት።

«አበዮ፣ እህቴ፣ ተነሺ! ሱቄ ለሁለታችን ይበቃል» አለቻት። ጨርቋን ወደ አንድ ጥግ ሰብስባ የእናቷን አሮጌ የስፌት መኪና አስገባችላት። ከዚያ ወዲህ ኩልሱም ጨርቁን ትሸጣለች፣ ወለተሐና ትሰፋለች።

ባለፈው ሰኔ የቃል ፈተናው ደረሰ። ፈታኙ በሕይወቷ ስላጋጠማት ችግር እንድትነግረው ሲጠይቃት ቀስ ብላ ጀመረች። ስለ እሳቱ ስታወራ «አይ ዌንት ስሩ» አለች። ኩልሱም ጋ ስትደርስ ግን ድምጿ ከፍ አለ።

«ዊ ጎት ስሩ!» ተወጣነው ማለቷ ነው።

ፈታኙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «‹አይ› ነው ወይስ ‹ዊ›?»

«ዊ!» አለች። ከዚያ እንግሊዝኛው አለቀባትና በአማርኛ ጨመረች። «ብቻዬን መች ተወጣሁት?»

ማለፏ ሲሰማ ኩልሱም ገበያው መሃል እልልታዋን አቀለጠችው። ደንበኞች ማን እንደተዳረ ጠየቁ። በማግስቱ ራሷ ኩልሱም ደብተር ገዝታ ተመዘገበች። አሁን ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ወለተሐና ታለማምዳታለች። በሶማሊኛ የሌለው «ፒ» የሚለው ፊደል እምቢ ብሏት «ቢ» እየሆነባት፣ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።