ሻምፒዮኑ እግሩን ያላነሳበት ቀን

ሲይዙኝ ሱሪ እያሳጠርኩ ነበር። ከአንዋር መስጊድ ጀርባ፣ አሠሪዬ በረንዳ ላይ ሦስት የስፌት መኪናዎች ነበሩን፤ የኔ የመጨረሻዋ ናት። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው የመኪናዬን መሳቢያ ከፈቱ፤ ከክርና ከቁልፍ መሀል አንድ የታጠፈ በራሪ ወረቀት አወጡና «ተነስ» አሉኝ። ወረቀቱን ማን እንዳስቀመጠው አላውቅም ብዬ ብዙ ቀን ማልኩላቸው። ያስቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ሜትሬን ከአንገቴ ሳላወርድ ነው የወሰዱኝ። የሱሪው ባለቤት ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎኝ ነበር።

የታሰርነው ቀበሌው ከአንድ ነጋዴ በወረሰው የበርበሬ መጋዘን ውስጥ ነው። በርበሬው ከወጣ ቆይቷል፤ ብናኙ ግን ከጣውላው ወለል ሥር አልወጣም። አንድ ሰው ጎኑን ባገላበጠ ቁጥር ይነሳና ሠላሳ ሰው አብሮ ያስላል። የመጀመሪያ ቀን እንባዬ አላቆም ሲለኝ አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ «አይዞህ ልጄ፣ በርበሬው ነው» አሉኝ። በርበሬው ብቻ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እኚህ ሰው የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ነጭ ኮፍያቸውን ሲተኙም አያወልቁም፤ አንገታቸው ደግሞ በበሽታ ምክንያት ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል። ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩ ተከፈተና አንድ ቀጠን ያለ ሰው አስገቡ። ቆሞ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ጠበቀ። አቋቋሙን እንዳየሁ አወቅኩት። ሻምፒዮኑ ነው።

ዛሬ ይህን የሚያነቡ ወጣቶች አይገባቸው ይሆናል። አብነት አካባቢ አንድ አሮጌ አዳራሽ ውስጥ ካራቴ ያስተምር ነበር። እሁድ እሁድ በመስኮቱ ተንጠልጥለን እናየዋለን። እጁን ብዙም አይጠቀምም፤ እግሩ ነው ጉዱ። ትርኢቱን የሚዘጋው ሁልጊዜ በአንድ ነገር ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ ወዶ ይወጣና ኮፍያ አድርጎ ይቆማል። ሁለቱ እጅ ይነሳሳሉ። ከዚያ እግሩ መቼ እንደተነሳ ሳይታይ ኮፍያው መሬት ላይ ነው፤ ከተማሪው ራስ አንዲት ፀጉር አትነቃነቅም። እኔ በበኩሌ ቤት ሄጄ ስሞክር ብዙ ሱሪ ቀድጃለሁ። እሱ የሚለማመድበትን ሱሪ የሚያሰፋው ደግሞ እኛ ዘንድ ነበር። እግሩን እንዳይዘው በጭኑ መሀል ትርፍ ጨርቅ ይገባበታል፤ ያንን የምሰፋው እኔ ነኝ። ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ስለዚያች ጨርቅ ሳላወራ ያደርኩበት ቀን የለም።

ቦታ ለቅቄ አጠገቤ አስቀመጥኩት። በሹክሹክታ ማን እንደሆነ እንደማውቅ ነገርኩት። ፈገግ አለና «ወንድሜ፣ እዚህ እኔ የመለዋወጫ ዕቃ ሻጭ ነኝ» አለኝ። ለካስ ዝም በል ማለቱ ነበር። እኔ ግን ትሕትና መሰለኝ። በእኛ አገር ትልቅ ሰው «እኔ ምንም አይደለሁም» ካለ ሌላው ነው የሚያሞግሰው፤ ያደግነው እንደዚያ ነው።

እህቱ በየቀኑ ምሳ ታመጣለት ነበር። እሷን አናያትም፤ ድምጿ ብቻ ከውጭው በር ይሰማናል። ሳህኑ ተፈትሾ ሲገባ መጀመሪያ ለጋሼ ያቀርባል፣ ከዚያ ለኛ፤ እሱ መጨረሻ ነው የሚቀምሰው። ሻምፒዮን መሆኑን ያወቀ ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። እኔ ደግሞ ወሬ ሆዴ ውስጥ አያድርም። የልብስ ሰፊ ነገር ነው፤ መርፌው ሲሠራ ምላሱም ይሠራል።

በአምስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ከጠባቂዎቹ አንዱ የኮቱ ብብት ተቀዶበት ግቢ አውጥቶ አሰፋኝ። ሲጋራም ሰጠኝ። ስሰፋ ስለ ሻምፒዮኑ አነሳሁ። ይህን ያደረግኩት ለክፋት አልነበረም። መርካቶ ያደገ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፦ ዕቃ ሲሞገስ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ሰውም እንደዚያው። ማንነቱን ቢያውቁ ያከብሩታል፣ ቢያንስ አይነኩትም ብዬ ነው። ስለ እግሩ ነገርኩት፣ ስለ ኮፍያው ነገርኩት፣ ያየሁትን ጨምሬበት ነገርኩት። ጠባቂው አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁላችንንም ግቢ አወጡንና ግድግዳ ተደግፈን እንድንቆም አደረጉን። የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት እንግዶች ይዞ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ሻምፒዮኑን መሀል አወጡት። ቀጥሎ ጋሼን አወጡና ፊት ለፊቱ አቆሙ። አንገታቸው እንደልማዱ ይንቀጠቀጣል፤ ኮፍያቸውም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ከኔ በቀር የኮፍያውን ጉዳይ እዚህ ማን ሊያውቅ ይችላል?

ሊቀመንበሩ የሽማግሌውን ኮፍያ በካልቾ እንዲያወርድ አዘዘው። ሻምፒዮኑ የጋሼን አንገት አየ። ትንሽ ቢስት አንገታቸው እንደሚሰበር እሱም ያውቃል፣ ሁላችንም እናውቃለን። መለዋወጫ ሻጭ እንደሆነ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይችል በትሕትና አስረዳ። ሊቀመንበሩ ሳቀና «ከራስህ ሰዎች መካከል ምስክር አለኝ» አለው። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ሻምፒዮኑ ወደ እኛ አልዞረም።

ጋሼ ቀስ ብለው ተናገሩ፦ «ልጄ፣ ግዴለም ምታኝ። ለኔ ብለህ እንዳትጎዳ። እኔ ዕድሜዬን በልቻለሁ።»

እሱም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳቸውና ወደ በረንዳው ዞረ። «ወዶ ከፊቴ ላልቆመ ሰው እግሬን አላነሳም» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ሊቀመንበሩ ከእንግዶቹ ፊት አፈረ መሰለኝ። እኛን መለሱን፣ እሱን ከቢሮው ጀርባ ወሰዱት። የሚያደርጉት ነገር ድምፅ በጣውላው ግድግዳ አልፎ ይመጣ ነበር፤ የሚመቱት ውስጥ እግሩን እንደሆነ ለማወቅ ልምድ አያስፈልግም ነበር። ጋሼ ይጸልያሉ። እኔ ጆሮዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ያ ከሰዓት በኋላ ከዕድሜዬ ሁሉ ይረዝማል።

በብርድ ልብስ ተሸክመው አምጥተው ጣሉት። እግሩን ለማየት የደፈረ አልነበረም። ከየሰው የመጠጥ ውሃ ትንሽ ትንሽ ለመንኩና ጨው በጥብጬ፣ ሸሚዜን ቀድጄ አጠብኩት። የዚያን ያህል አብጦ እንኳን ጣቶቹ ቀጥ ያሉ ነበሩ። ሳጥበው አንድ ጊዜም አልጮኸም፤ እጄን ብቻ ይይዝና መልሶ ይለቀዋል።

«የነገርኳቸው እኔ ነኝ» አልኩት። ከዚያ በላይ ብሸከመው የምሞት መስሎኝ ነበር።

«አውቃለሁ» አለ። ቀጥሎም፣ «ሱሪዬን የምትሰፋው አንተ አይደለህ?»

አዎ አልኩት።

«አንድም ቀን አልተተረተረም።»

ይህን ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም፣ ቂም ይዣለሁም አላለኝም። ሰድቦኝ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ከሳምንት በኋላ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ዕቃውን ይዞ እንዲወጣ ጠሩት። ዕቃ ያዝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ የማያውቅ እስረኛ አልነበረም። እኔና አንድ መምህር በሁለት በኩል ልንደግፈው ተነሳን። እንድንቀመጥ በእጁ ምልክት ሰጠን። ጫማው አልገባ ሲለው በእጁ ያዘው። ካለበት እስከ በሩ ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው። በየእርምጃው ቆም ይላል፣ ይተነፍሳል፣ ይቀጥላል። ጠባቂው፣ ያው ኮቱን የሰፋሁለት ሰው፣ ፍጠን ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ጋሼ ግድግዳውን ይዘው ብድግ አሉ። ከዚያ የተኛውም የተቀመጠውም ተነሳ። ብናኙ ተነሳ፤ እሱ በሩን አልፎ እስኪሄድ ድረስ ግን ማንም ሳያስል ቆመን ቀረን።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት እህቱ መጣች። ከውጭው በር «ከእንግዲህ እንዳታመጪ» ሲሏት ሰማን። የሷን ድምፅ አልሰማነውም።

እኔ ተፈታሁ፤ ጋሼም ተፈተው ጥቂት ዓመት ኖሩ። ደርግም አለፈ። እኔ ዛሬም መርካቶ እሰፋለሁ፤ አሁን መኪናዋ የራሴ ናት። ስለ ሻምፒዮኑ ሰው ሲያወራ እሰማለሁ። ሊገድሉት ሲወስዱት ሦስት ጠባቂ በካልቾ ጥሎ፣ አንዱ እዚያው ሞቶ፣ አጥር ሲዘል ነው የመቱት ይላሉ። ያን ወሬ ሰምቼ አንድም ቀን አላረምኩም። ካረምኩ የቀረውንም መናገር ሊኖርብኝ ነው።

አምና አንዲት ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ቀሚስ ሊያሳጥሩ መጡ። ተቀምጠው ሲጠብቁ አንድ ደንበኛዬ ያንኑ ተረት ያወራ ጀመር። ሴትዮዋ እስኪጨርስ ጠበቁት። «ወንድሜ ነው» አሉ። ደንበኛዬ ደንግጦ ሱሪውን ይዞ ወጣ።

መርፌውን አስቀመጥኩ። ከወንድማቸው ጋር አንድ ክፍል ታስሬ እንደነበር ነገርኳቸው። ማንንም እንዳልመታ፣ እግሩን እንዳላነሳ፣ ለምን እንዳላነሳም ነገርኳቸው። ማን አሳልፎ እንደሰጠውም ነገርኳቸው።

አላለቀሱም፣ አልተቆጡኝም። ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አጠፉ።

«እናቴ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይታ ነው የሞተችው» አሉኝ። «ገደለ የሚሉትን ሰምታ ነበር። የሰው ነፍስ በእጁ አለ ብላ ስትጾምለት ኖረች። አልጋ ላይ ሆና እንኳ የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር፤ ልጄ ሰው ገድሎ ይሆን እያለች።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ግን ነቅዟል። መናገር በማይገባኝ ቀን ተናገርኩ፤ መናገር በሚገባኝ ጊዜ ሁሉ ዝም አልኩ፤ ቤታቸውም ከዚህ በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም ነበር።

ሴትዮዋ ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። «እስኪ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አሉ። «ከገባበት ቀን ጀምረው።»

የሱቄን መዝጊያ ግማሽ ድረስ አወረድኩና ጀመርኩላቸው።