ውሃ የሚጠጣው ሞረድ

የጥፍር ሥራ ላይሰንስ ፈተናውን መጀመሪያ የወደቅኩት ሳላጠና ቀርቼ አይደለም። አጥንቼ ነው የወደቅኩት።

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ የቬትናሞች ጥፍር ቤት ውስጥ እጠርጋለሁ፣ ፎጣ አጥባለሁ። ላይሰንስ የሌለው ሰው የደንበኛ ጥፍር አይነካም። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አብሬያት የምኖረው አክስቴ ውጤቴን ስትሰማ፣ «አንዴ ድገሚው። ከወደቅሽ እኔ የምሠራበት ሆቴል ገብተሽ አልጋ ታነጥፊያለሽ፤ ወሬ የለም» አለችኝ። ማንጠፍ ነውር ሆኖ አይደለም። እኔ አልፈልግም፣ በቃ።

ፈተናው በቬትናምኛ አለ፤ በአማርኛ የለም። የሥራ ባልደረቦቼ በቋንቋቸው አልፈዋል። ከነሱ በዕድሜ የምትበልጠው ሴትዮ ግን ካለፈችም በኋላ እንግሊዝኛ ትማራለች፤ ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር በሰው አፍ መመለስ ሰልችቷታል። ስለ ፈሳሽ፣ ስለ ዱቄት፣ ስለ ጠጣር ነገር ባሕርይ የምታስተምር ትንሽ መጽሐፍ አለቻት፤ በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ ቬትናምኛ። እኔ ጠርዙ ላይ በእርሳስ አማርኛ ጨመርኩበት። እሷ «ኤም» ትለኛለች፣ ታናሽ እህቴ ማለቷ ነው። እኔም እንደ ታላቅ እህት «ቺ» እላታለሁ።

አንድ ቀን ደንበኛ ቀዝቀዝ ሲል፣ «ኤም፣ ፖረስ ምንድነው?» አለችኝ።

አስተማሪ ፊት እንደቆመ ተማሪ፣ ፈሳሽ የሚያስገባ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ነገር ብዬ ትርጉሙን ሳልተነፍስ ወረድኩት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረስኩት እንዲህ ነው፣ በሽምደዳ።

«ጎበዝ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ፖረስ የቱ ነው?»

በግምት የጥፍር ቆዳ መግፊያውን ብረት አሳየኋት።

«አፍሽ ያውቃል፣ እጅሽ አያውቅም!» ብላ ሳቀች።

ተናደድኩ። እሷ ግን ጣቷን ውሃ ነክራ ብረቱ ላይ ጠብ አደረገች፤ ጠብታው ክብ ሆኖ ቆመ። ከካርቶን የተሠራው የጥፍር ሞረድ ላይ ጠብ አደረገች፤ ሰመጠና ጠቆር ያለ ምልክት ቀረ።

«ውሃ ከገባ ደምም ይገባል። ታጥቦ አይወጣም። ትጥይዋለሽ።»

እኔ ደግሞ ፈተናው ላይ፣ ሞረዱ ታጥቦ ለሌላ ሰው ይውላል ብዬ መልሻለሁ። በሰው ጤና መቀለድ!

ከዚያ ቀን ወዲያ ያልነካሁትን ቃል አላጠናም አልኩ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውን አሴቶን እጄ ላይ ጠብ አድርጌ፣ ቀዝቅዞኝ እስኪተን ጠበቅኩ። ሰው ሠራሽ ጥፍር የሚሠራበትን አክሪሊክ ሲደርቅ ቀጭ አድርጌ ሰበርኩ። ጄሉ ጣቴን ከጣቴ ሲያጣብቀው ቃሉን በእንግሊዝኛ ጠራሁት። ቺም ተከትላኝ ትጠራለች፤ የቃሉን መጨረሻ ስትውጠው፣ «ጨርሺው እንጂ!» እላታለሁ።

«አለቃ ሆንሽብኝ?»

«እስክትጨርሺው ድረስ፣ አዎ።»

ሁለተኛው ፈተና ላይ ከጠየቁኝ አንዱ የጥፍር ቆዳ ስለሚገፋበት ቀጭን እንጨት ነበር። ትርጉም ለማስታወስ አልሞከርኩም። ጠብታው እንጨቱ ላይ ሲሰምጥ ታየኝ፤ ስክሪኑ ላይ «ይጣላል» የሚለውን ነካሁ። ማለፌን ወረቀቱ ላይ ሳነብ ጮኽኩ፤ ሌሎች እየተፈተኑ ነው ብለው ተቆጡኝ።

ጥፍር ቤቱ ስመለስ ቺ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው። «አሁን ጠረጴዛ ትይዣለሽ» አለች።

እይዛለሁ። ግን ይሄ ላይሰንስ የቨርጂኒያ ነው፤ እኔ የማድረው ሜሪላንድ ነው፣ አንድ ቀን እዚያው ቤቴ አጠገብ መሥራት እፈልጋለሁ። እዚያ ደግሞ ሌላ ማመልከቻ ይጠይቃሉ። ይጠይቁ። ቺ አጠገብ እንደቆምኩ ስልኬ ላይ የሜሪላንዱን ፎርም ከፈትኩና ስሜን መሙላት ጀመርኩ።