ሐይቁ ዳር ያየሁት ቀሚስ

እናቴን ከመርካቶ ማስወጣት ቀላል አይደለም። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ለእንግዶች ወፍ እያሳየ የሚተዳደረው ታናሽ ወንድሟ «ለሁለት ቀን ኑና ነፋስ ተቀበሉ» እያለ ሲለምናት ከርሞ ባለፈው መስከረም እሺ አለችው። እኔም ከምሠራበት የሰልባጅ ሱቅ ፈቃድ ጠይቄ አብሬያት ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት የሐይቁን ዳር ዳር ይዘን ተጓዝን። እናቴ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች መላጣ ራሳቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው ቆመዋል።

«ይሄኛው የእኛ ሰፈር ደላላ ነው» አለች እናቴ። «እጁን ወደኋላ አጣምሮ ማንን እንደሚሸውድ ሲያስብ እዪው።»

«እትዬ፣ ቀስ በይ፤ ታባርሪያቸዋለሽ» አላት አጎቴ።

«ደላላ በጩኸት ይሄዳል እንዴ?»

ሳቀች። እህቴ ከሞተች ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

አጎቴ የሩቅ ማያ መነጽሩን አንገቴ ላይ አጠለቀልኝና ፔሊካን የሚባሉትን የውኃ ወፎች አሳየኝ። ተሰልፈው እየዋኙ አንገታቸውን አንድ ላይ ውኃ ውስጥ ይነክራሉ። ዓይኔ እነሱን ሲከተል ሴቶች ዓሣ የሚያጸዱበት ቦታ ደረሰ። አንዷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ጎንበስ ብላለች። የለበሰችው አረንጓዴ ቀሚስ ነው። ክንዷን ስታነሣ በብብቷ ሥር ብጫ ቁራጭ ጨርቅ አየሁ።

ያ ቁራጭ የመጋረጃችን ነው። ቀሚሱ ሲጠባት እህቴ ራሷ የጨመረችበት።

እህቴ የሞተችው ከሁለት ዓመት በፊት ታማ ነው። እናቴ ልብሷን ሁሉ ሰደቃ ስታወጣ ይህን ቀሚስ ለብቻው አጥፋ ሰጠችኝ። «ለአንዲት ለተቸገረች ሴት በእጅሽ ስጪልኝ። የእህትሽን ስም ነግረሽ ዱዓ አስደርጊላት» አለችኝ። እኔ ሰው ማናገር ይከብደኛል። ከሥራ በኋላ እሰጣለሁ ብዬ ሱቅ ይዤው ገባሁ። እኛ ከውጭ በቦንዳ ታስሮ የሚመጣውን ልብስ እንለይና ቀሚስ ከቀሚስ፣ ሸሚዝ ከሸሚዝ አድርገን ለክፍለ ሀገር ነጋዴ መልሰን እናስራለን። የዚያን ቀን ዓይኔ እንባ ሞልቶት እጄ የለመደውን ይሠራ ነበር። የእህቴን ቀሚስ አጥፌ ከሌሎቹ ጋር ያሰርኩት እኔው ነኝ። ሳስታውሰው እስሩ ተጭኖ ሄዷል።

ማታ እናቴ «ሰጠሽ?» አለችኝ።

«ሰጠሁ።»

«ምን አለች?»

«ዱዓ አደረገች።»

ከዚያ ወዲህ አረንጓዴ የለበሰች ሴት ጀርባ ባየሁ ቁጥር እህቴ ትመስለኛለች። አንዳንዴ መሳለሚያ ታክሲ ስጠብቅ ፊቷን እንዳላይ ሰልፌን ትቼ እሄዳለሁ። አሁን ግን ሐይቁ ዳር የምሸሽበት የለኝም፤ መነጽሩ አቅርቦ ፊቴ አቁሟታል። እህቴ ዓሣ ስታጸዳ አየኋት።

«ምን አገኘሽ? እስቲ እኔም ልይ» አለች እናቴ።

«ሄዱ እማ፤ ወፎቹ በረሩ።»

«የት በረሩ? ይኸው በዓይኔ አያቸዋለሁ» ብላ መነጽሩን ከአንገቴ አወለቀች። ወደ ሴቶቹ አዞረችው። ሳታወርደው «ቀሚሱን ለማን ነበር የሰጠሽው?» አለችኝ።

«አልሰጠሁም። ለክፍለ ሀገር ከሚሄደው ልብስ ጋር ታሰረ። እኔ ነኝ ያሰርኩት።»

«ዱዓውስ?»

እናቴ መነጽሩን ለአጎቴ መለሰችለትና ወደ ሴቶቹ መራመድ ጀመረች። ተከተልኳት።

ሴትየዋ ቀና ብላ ሰላምታ ሰጠቻት።

«ቀሚስሽ ያምራል። ከየት ገዛሽው?» አለቻት እናቴ።

«ከገበያ ነው እማማ። የውጭ ነው፤ አያችሁ ስፌቱን?» ብላ ክንዷን አነሣች። ብጫዋ ጨርቅ ተገለጠች።

እናቴ እጇን ዘረጋች።

«ኧረ ዓሣ ይሸታል፤ ይቅርብዎት!»

እናቴ ግን ቁራጯን በአውራ ጣቷ ዳበሰቻት። ከዚያ የራሷን ሻል አውልቃ ሴትየዋ ትከሻ ላይ ጣለችው። «ልጄ ሞታብኛለች። ይሄ ስለ እሷ ነው፤ ስሟን ጠርተሽ ለምኚላት» አለችና የእህቴን ስም ነገረቻት። ሴትየዋ የዓሣ ቅርፊት ያለበት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ስሙን ደገመችው። «ነፍስ ይማር» አለች።

«አሚን» አለች እናቴ።

ስንመለስ እናቴ ባዶ ትከሻዋን አቅፋ ወደፊት ቀደመችኝ። «እኔን አይደለም የዋሸሽው» አለችኝ ሳትዞር። «ሁለት ዓመት ሙሉ እህትሽን ነው ያስጠበቅሻት።»

ሴትየዋ ከኋላ ተጣራች። ሁለት ዓሣ በገመድ አንጠልጥላ ይዛለች።

«ሂጂ ተቀበያት» አለችኝ እናቴ።

መሬት መሬት እያየሁ ሄድኩ። ቀሚሱ ፊቴ ሲደርስ እጄን ዘረጋሁ።

«ምነው? ቀና በይ እንጂ፤ አልበላሽም» ብላ ሳቀች።

ቀና አልኩ። ሰፊ ፊት፣ የተሸረፈ ጥርስ። እህቴን በምንም አትመስልም። በእህቴ ቀሚስ ውስጥ ሌላ ሰው ከዚያ በላይ ማየት አልቻልኩም፤ ዓሣውን ተቀብዬ ወደ እናቴ ሮጥኩ።