አሥረኛው ወርዋሪ

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። በሥራዬ ብዙ ቃለ ጉባኤ ጽፌያለሁ። የቤዝቦል ወርዋሪዎችን ደረጃ የሚወስን ቃለ ጉባኤ ቦንጋ ላይ ተቀምጦ የጻፈ ሰው ግን ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ የተጀመረው በክረምት ነው። ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት ያለችውን ሻይ ቤት ዲሽ ነፋስ አዞረውና ቴሌቪዥኑ ከአንድ ጣቢያ በቀር አልይዝ አለ። ዲሽ የሚያስተካክለው ሰውዬ ለሥራ ቢታ ገነት ሄዶ በዝናቡ ምክንያት እዚያው ከረመ። የቀረው ጣቢያ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያሳየው ቤዝቦል፣ አሜሪካኖች አንዱ ወርውሮ ሌላው በዱላ የሚመታውን ኳስ፣ ብቻ ነበር፤ ያውም ያለ ድምፅ። የእንግሊዝ ኳስ የለመዱት ወንዶች የመጀመሪያውን ሳምንት ተሳደቡ፣ ሁለተኛውን ዝም ብለው አዩ፣ በሦስተኛው መከራከር ጀመሩ። በአራተኛው ኮሚቴ አቋቋሙ።

የኮሚቴው ሥራ የምንጊዜም አሥር ምርጥ ወርዋሪዎችን መርጦ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው ተባለ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ዳኛ ሆኑ። እኔን ደግሞ ጽሕፈትሽ ያምራል ብለው ጸሐፊ አደረጉኝ። ሰው ሥራ ሲፈታ የሚያደርገውን አያጣም ብዬ እምቢ ልል ነበር፤ እሺ ያሰኙኝ አጎቴ ናቸው።

አጎቴ የማንኪራ ሰው ናቸው። ጉልበታቸውን ሲያማቸው እኔ ዘንድ አመጣኋቸው። እዚያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማማ ላይ ሆነው በቆሎ ከዝንጀሮ ሲጠብቁ ኖረዋል፤ በድንጋይ ውርወራቸው የማያውቃቸው አልነበረም። ወንጭፍ አይነኩም፣ "የሰነፍ ነው" ይላሉ። በመንገድ ሲያልፉ ሰው ይነሳላቸው ነበር። ቦንጋ ሲመጡ ግን በረንዳ ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌ ሆነው ቀሩ። ጎረቤቶቼ "እኚያ የሚቀመጡት ሰውዬ" ይሏቸዋል። ይህ ያንገበግበኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሻይ ቤቱ ወሰድኳቸው። ቴሌቪዥኑ ላይ ወርዋሪው እጁን ወደ ኋላ ስቦ ኳሷን ሲለቃት አጎቴ ጉልበታቸውን ረስተው ብድግ አሉ።

"ይሄ ሰው ሥራ ያውቃል!" አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚፈልጉት አንድ ነገር ሆነ፤ ከአሥሩ አንዱ መሆን።

የጨዋታውን ሕግ ከመካከላችን የሚያውቅ ስላልነበረ ኮሚቴው በሚያውቀው ተረጎመው። እኛ አገር ሰው ከልቡ የሚወረውረው ሰብል ሲጠብቅ ነው። ስለዚህ ዱላ የያዘው ሌባ ነው። ከኋላው ፊቱን ሸፍኖ ቁጢጥ ያለው የማሳው ባለቤት ነው። ወርዋሪው ጠባቂ ነው። ሌባው አምልጦ ማሳውን ዞሮ ሲገባ ሕዝቡ ለምን እንደሚያጨበጭብለት ግን ሁላችንንም ግራ አጋባን። "ሙስና ነው" አለ የኮሚቴው አባል የሆነ የግብርና ባለሙያ። እኔም በቃለ ጉባኤው አሰፈርኩት።

መስፈርቱም አንድ ሆነ፤ ሌባውን አብዝቶ የመታ ማን ነው? ስማቸውን ስለማናውቅ በመልካቸው ጠራናቸው። ጺማሙ በአንድ ቀን ሁለት ሰው ጎናቸውን ብሎ ስለጣለ ያለ ክርክር አንደኛ ወጣ። ጉንጨ ሙሉው አንዱን ትከሻው ላይ አግኝቶ ሁለተኛ ሆነ። አንድ ግራኝ ነበር፤ ሰውየው ሙሉ ከሰዓት ወርውሮ አንድም ሰው ሳይነካ ጓደኞቹ እየጨፈሩ ተሸክመውት ወጡ። ዳኛው በጣም አዘኑበት። "እንዲህ ያለውን እንኳ ያቅፉታል" አሉና ከእጩነት ሰረዙት።

ዘጠኙ ሲሞሉ ለአሥረኛው ቦታ አጎቴን አቀረብኩ። አጎቴ ለዚያ ቀን ኮታቸውን ለብሰው ነበር።

"ስንት መቱ?" አሉ ዳኛው።

አጎቴ ኮታቸውን አስተካከሉ።

"በግምትም ይሁን።"

አጎቴ መሬት መሬት አዩ። ከማንኪራ ማር ይዞ የመጣ ሰው ተጠይቆ፣ የእሳቸው ማሳ በዝንጀሮ ተበልቶ እንደማያውቅ መሰከረ፤ የተመታ ዝንጀሮ ግን አላየሁም አለ። ዳኛው "ለተጨማሪ ማስረጃ ይቆይ" ብለው ዘጉት። መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው "ይቆይ" ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አጎቴ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። እኔ ደግሞ በጺማሙ ተናደድኩ። ማንኪራ አንድ ቀን ማማ ላይ ይዋልና ልየው!

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከደካ ወደ ቦንጋ የተዛወረ የስፖርት መምህር ሻይ ቤቱ ገባ። ዝርዝሩን ከግድግዳው ላይ አነበበ፣ መስፈርቱን ጠየቀ፣ ከዚያ ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ።

"ሰው መምታትማ ጥፋት ነው" አለ። "የተመታው እንዲያውም በነፃ ያልፋል። ጎበዝ የሚባለው ሰውዬውንም ሳይነካ፣ ዱላውንም ሳያስነካ፣ አጠገቡ አሳልፎ ባዶ እጁን የሚመልሰው ነው።"

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። ግራኙ ትዝ ሳይላቸው አልቀረም።

አጎቴ ተነሱ። "እስቲ ድገመው፣ ልጄ።"

መምህሩ ደገመው።

"እንግዲህ የእኔም ሥራ ይሄው ነው" አሉ። "ጆሮው አጠገብ ነው የምልከው። ድንጋዩ ሲያልፍ ይሰማዋል፣ ይሄዳል። ነገም ይመጣል፣ ነገም እልክለታለሁ። እሱም የሚያበላቸው አሉት። ባለፈው አልመታም ብል የምትንቁኝ መሰለኝ።"

ዳኛው የድሮውን ዝርዝር ራሳቸው ቀደዱት። ከዚያ በአንድ ድምፅ፣ ያለ ተቃውሞና ያለ ድምፀ ተአቅቦ፣ አጎቴ አሥረኛ መሆናቸው ቀርቶ አንደኛ ሆኑ፤ ግራኙ ሁለተኛ። ስማቸውን በትልቁ ስጽፍ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ እንባዬ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። ሰው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ።

አጎቴ ብቻ አላጨበጨቡም። ወደ ጠረጴዛዬ ጎንበስ ብለው "ሰርዢኝ" አሉ።

"ለምን?"

"አንዴ መትቻለሁ። ልጅ ያዘለች ዝንጀሮ ነበረች። ድንጋዩን ልለቀው ስል ዞር አለች። ልጇ ሦስት ቀን ማማው ሥር ጮኸ።"

መምህሩ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ጥፋት ብቻ ያለው ወርዋሪ በዓለም የለም ብሎ ማለ። ዳኛውም ስሕተቱ ያለ ፈቃድ የተፈጸመ ስለሆነ ውሳኔው ይጸናል አሉ። አጎቴ አልሰሙም፤ እኔን ነበር የሚያዩት። ግራ ሲገባኝ የሥራ ቋንቋዬን ጠራሁ። "ጋሼ፣ የጸደቀ አይሰረዝም" አልኳቸው።

"እንግዲያው እሷንም ጻፊያት።"

ከስማቸው ጎን "የመቱት፦ አንድ" ብዬ ጻፍኩ።

ዲሹ ተስተካክሎ የእንግሊዝ ኳስ ከተመለሰ ቆየ፤ ቤዝቦልን የሚያነሳው የለም። ዝርዝሩ ግን አልወረደም። አጎቴ ሲገቡ ሰው አሁንም ይነሳላቸዋል። እሳቸው በየቅዳሜው ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቀመጣሉ። አዲስ ሰው ካጋጠማቸው በከዘራቸው ወረቀቱን ያሳዩታል። ስማቸውን ዘለው ያቺን አንድ ነው የሚያሳዩት።